ሱግራን፣ ሚዛኗና የማዶ አክስቶች

ሱግራን ልጅ ስትሰድብ የሰማ እንግዳ «ይህች ሴት የሕፃን ጠላት ናት» ብሎ ቢምል አልፈርድበትም። ጉንጩ ሊፈነዳ የደረሰ ሕፃን ሚዛኗ ላይ ታንጠለጥልና «ይሄ ጦጣ ደግሞ ከየት መጣ? አፍንጫውን እዩልኝ፤ ውሻ እንኳ ዞር ብሎ አያየውም» ትላለች። እናቱ ፊቷ በደስታ ይበራል። በሚቀጥለው ቤት አጥንቷ የሚቆጠር ሕፃን ታቅፋ «የኔ ጨረቃ፣ የኔ አበባ፣ እኔ ልሙትልሽ» ስትል ደግሞ እናትየዋ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። በመንደራችን በሎዳኖ ይህን ንግግር የማትረዳ እናት የለችም። የማይገባቸው ወንዶችና ከከተማ የሚመጡ የተማሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። እኔ ወንድ ነኝ፣ ተማርኩም ባይ ነኝ፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመት ምንም አልገባኝም።

የነገሩ መነሻ ሚዛኑ ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት የወረዳው ጤና ቢሮ ለሱግራን አንድ ጥቁር ቦርሳ፣ አንድ ትልቅ መዝገብና እንደ ሰዓት ፊት ያለው ተንጠልጣይ ሚዛን ሰጥቶ «ቤት ለቤት እየዞርሽ እናቶችንና ሕፃናትን ጎብኚ» አላት። ለምን እሷን እንደመረጡ ልንገራችሁ፤ በሁለት መንደር ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ፊደል ያስቆጠርኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር ያለፍኩበት ቀን እንደሌለ ሚስቴ ትመሰክራለች።

ታዲያ ሱግራን ሚዛኑን ከግቢዋ ኒም ዛፍ ላይ ሰቅላ አንድ ሳምንት ሙሉ ብትጠብቅ አንድም እናት አልመጣችም። ልጅ እንደ ሥጋ አይመዘንም አሏት። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቁጥሩ ነበር። የልጅን ኪሎ ጮክ ብሎ መጥራት ማለት፣ በአካባቢው ያለውን ክፉ ዓይን ሁሉ በስሙ ጠርቶ «ና ብላ» እንደማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቦርሳውን መልሶ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ሱግራን ግን ከእናቶቹ ጋር ተደራደረች፤ ቁጥሩን አፍ ሳይጠራው መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፣ አፏ ግን ልጁን ይሰድባል። የሚሰደብ ልጅን ማን በዓይኑ ይበላዋል? እንዲህ እንዲህ እያለ ስድብ ማለት «ጨምሯል፣ እሰየው» ማለት ሆነ። መልካም ቃል ስትናገር ደግሞ «ልጅሽ ቀንሷል፣ ተነሽ» ማለቷ ነው።

ይህን ያህል ለልማድ ታጥፋ ስታበቃ፣ ጥላሸት ላይ ግን ምሕረት አልነበራትም። ዓይን እንዳያገኘው ተብሎ ግንባሩ በጥላሸት የተለቀለቀ ሕፃን ካየች እርጥብ ጨርቅ አውጥታ እዚያው ትፈገፍገዋለች። ክታቡን ከአንገቱ ፈትታ ለአያቱ ትመልሳለች። «ተቅማጥ ከዓይን አይመጣም፤ ካልታጠበ እጅ ነው የሚመጣው» ስትል ግማሽ መንደር ይሰማታል። አንድ ጊዜ የገዛ አማቷን በሠርግ መሐል እጃቸውን በሳሙና አስታጥባቸዋለች። ባሏ፣ የአጎቴ ልጅ፣ በኩላሊት ሕመም ሲሞት ለሦስት ቀን ብቻ ነው ቦርሳውን ያላነሣችው። አንድ ልጅ አላት፤ ስኳር ፋብሪካ ይሠራል። ከእሱ የተወለደው ሚቶ ደግሞ ምን ልበላችሁ፤ በዓመት ከሁለት ወሩ ጥጃ ያክል ነበር። ሱግራን እንደሱ የሰደበችው ልጅ በመንደራችን የለም።

እንዲህ ስንኖር፣ ለጤና ቢሮው እርዳታ የሚሰጥ አንድ ድርጅት አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ተኝቶ ኖሮ አንድ ማለዳ ድንገት ባነነ። ይህ ቤት ለቤት መዞር እውነት ጥቅም አለው ወይ? ማየት አለብን አለ። የመረጠው መንገድ ሲሰሙት ደስ ይላል። ሎዳኖ ጎብኚ አላት፤ ከመስኖው ቦይ ማዶ ያለችው ኬበራኒ የላትም። የሁለቱንም መንደር ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንመዝን፤ የሎዳኖ ልጆች ከበለጡ ጉብኝቱ ይቀጥላል፣ ካልበለጡ ይቆማል። በቃ። የድርጅቱ ሰዎች ካራቺ ቁጭ ብለው ካርታ ላይ ሲያዩት ቦዩ ባሕር መስሏቸው መሆን አለበት። ከኬበራኒ ሚስቶች ግማሾቹ የእኛ ልጆች ናቸው፤ ከእኛም ሚስቶች ግማሾቹ የእነሱ። መሐላቸው ያለው ድልድይ አንድ የተምር ግንድ ነው፤ ፍየል እንኳ ሳታስብ ትሻገረዋለች።

ዋዜማውን ሱግራን ቤት ለቤት ዞረች። እኔ ቤት ስትደርስ ምራቴን ስትለምናት ሰማሁ።

«ነገ ልጅሽን አጥበሽ አውጪው፤ የሚመዝኑት እሱን መስሎሽ እንዳትደብቂው። የሚመዘነው የኔ አሥራ ሰባት ዓመት ነው።»

ምራቴም «እሺ አዲ ሱግራን» አለች። አዲ እኛ ዘንድ እህት ማለት ነው፤ ሎዳኖ ሁሉ የሚጠራት እንዲያ ነው። እናቶቹም ሁሉ እሺ አሉ። አርባ ዓመት አስተማሪ ሆኜ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሎዳኖ እሺ ብዙ ጊዜ «አሁን ከዚህ ሂጂልን» ማለት እንደሆነ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ በኒም እንጨት ጥርሴን እፍቃለሁ። ሴቶች እየተከታተሉ በግንዱ ላይ ይሻገራሉ፤ ሁሉም በሻሻቸው የታቀፉት ጥቅል ነገር አለ። ከሁሉ ቀድማ የተሻገረችው ሱግራን ነበረች። የት ነው በጠዋት ብላት «ከእህቴ ቤት ወንበር ልዋስ፤ እንግዶቹን በጠፍር አልጋ ላስቀምጣቸው?» አለችኝ። እውነትም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተሸክማ ተመለሰች። የሌሎቹን ጥቅል የሚታጠብ ልብስ ነው ብዬ አለፍኩት። ልብስ ሲንፈራገጥ አይቼ አላውቅም፤ ግን የሴት ጥቅል ማየት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

የድርጅቱ ነጭ መኪና በሦስት ሰዓት ደረሰ። ዶክተር ታዚን የምትባል ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትሑት፣ ቁጥብ፣ ጫማዋ ጭቃ ሲነካው የማትሳቀቅ ሴት ወረደች። ሁለት ወጣት ረዳቶቿ ታብሌት ይዘዋል። እሷ የእኛን ቋንቋ ሲንዲን አትችልም፤ እኛ ዘንድ የእሷን ኡርዱ አጥርቶ የሚናገር ደግሞ አንድ ነው፣ እሱም ጥርሱን ፍቆ፣ ሰደርያውን ለብሶ ሲጠብቃት ነበር። ዶክተሯ ገና ስታየኝ፣ አስተማሪ በአክብሮት በሚጠራበት ስም ጠርታ ትእዛዟን ሰጠችኝ።

«ማስተር ሳሂብ፣ እባክዎ ቃል በቃል ይተርጉሙልኝ። ምንም አይጨምሩ፣ ምንም አይቀንሱ።»

አርባ ዓመት ልጆችን ያዘዝኩት ይህንኑ ነበርና ደስ አለኝ። ያፈረሰንም ይኸው ትእዛዝ ነው።

መጀመሪያ የገባነው ራቤል ቤት ነው። አማቷ ወገባቸውን ታመው ተኝተው ስለነበር ራቤል ያን ቀን ከቤት መውጣት አልቻለችም፤ ስለዚህ ወፍራሙ ልጇ ቤት ነበር። ፊቱን ግን ከድስት ቂጥ በተፋቀ ጥላሸት ለቅልቃው ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ሱግራን እንደ ልማዷ ጨርቋን አውጥታ ትፈገፍገዋለች ብዬ ስጠብቅ አይታ እንዳላየች አለፈችው። ሚዛኑን በር ጉበኑ ላይ ሰቀለች፣ ልጁን አንጠለጠለችው፣ መርፌው ጥሩ ቦታ ላይ ሲቆም ፊቷ በራ፤ ከዚያም ጀመረች።

«ምን ታጎርሺዋለሽ፣ ጭቃ ነው? ይሄን ጅብ ለእኛ ብለሽ ነው ያመጣሽብን?»

«ምን አለች?» አለችኝ ዶክተሯ።

እኔም ኮራ ብዬ፣ ምንም ሳልጨምር ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ። እናትየዋ ጭቃ እንደምታበላው ጠየቀቻት፤ ልጁን ጅብ አለችው አልኩ። ረዳቷ ታብሌቱ ላይ የሆነ ነገር ነካች። በኋላ እንዳየሁት የነካችው «ጎብኚዋ ሕፃናትን ትሳደባለች» የሚለውን ነበር።

ቀጥለን ሃጅራን ቤት ገባን። ሃጅራን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ። ልጇ ጃኑል ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው፤ ስትወለድ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላችም። የሆስፒታሉ ሰዎች መክረው መልሰዋታል፣ የአካባቢው አሮጊቶች ደግሞ ከፈን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ሱግራን በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየሄደች ልጅቷን እናቷ ደረት ላይ ራቁቷን አስተኝታ ትሸፍናለች፣ የታለበ ጡት በማንኪያ ትግታታለች። ያን ቀንም ጃኑልን ከሚዛኑ ከረጢት አውጥታ ታቀፈቻትና «የኔ እንቁ፣ የኔ የማለዳ ኮከብ» አለቻት። ሃጅራን ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ስቅስቅ አለች። ምን ብላት ነው ያለቀሰችው ተባልኩ። እንቁ፣ ኮከብ አለቻት አልኩ። ዶክተሯ ግራ ገብቷት ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ረዳቷ ግን ግራ አልገባትም፤ «እናትን ታስለቅሳለች» የሚለውን ነካች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባላነሣው ይሻለኝ ነበር። በመዝገቡ ሠላሳ ስምንት ልጆች ሰፍረዋል፤ እኛ ያገኘነው አሥራ ዘጠኝ ነው። የተገኙት ደግሞ ወይ ትናንት የተወለዱ፣ ወይ የታመሙ፣ ወይ ጥርስ እያበቀሉ የከሱ ናቸው። «ሌሎቹስ?» ስንል፣ የሉም። አንዷ ልጅ ኖሮኝም አያውቅ ብላ ልትምል ምንም አልቀራት። ባሉትም ላይ ቢሆን መልሱ አንድ ነው። ልጅሽ በደንብ ይበላል? «ከየት መጥቶ! አጥንት ነው።» ይናገራል? «ዲዳ ነው» ትላለች እናት፤ ዲዳው ከኋላዋ ብቅ ብሎ «እማዬ፣ የሴትዮዋን መነጽር ስጪኝ» ይላል። ለባዕድ፣ ያውም ብዕርና ካሜራ ለያዘ ባዕድ፣ ልጄ ደህና ነው የምትል እናት የት አለች? የካራቺ ደንብ ደግሞ «በዕለቱ ቤት የተገኘውን መዝኑ፣ እናት ያለችውን ጻፉ» ነው የሚለው። ደንብ ስለሆነ ተጻፈ።

የገረመኝ ሱግራን ናት። ከአንድ ባዶ ቤት ወደ ሌላው ባዶ ቤት ስንሄድ ፊቷ አመድ እየመሰለ መጣ እንጂ አንድም እናት አልተቆጣችም። እኔ የማውቃት ሱግራን ብትሆን ምድር ቀውጢ ትሆን ነበር። ደንግጣ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩ፤ ያኔም ተሳሳትኩ።

በማግስቱ ቡድኑ ኬበራኒ ገባ። እዚያ ያስተረጎመው የእነሱው ባለሱቅ ነው፣ ስለዚህ አላየሁም፤ ያወቅሁት በኋላ ነው። ለተመዘነ ልጅ ሁሉ አንድ ሳሙናና አንድ ጥቅል ብስኩት ይሰጥ ነበር። የኬበራኒ አክስቶች አሰቡበት። የራሳቸውን ልጅ ለዓይን ማጋለጥ አይቻልም፤ ሳሙናውን መተውም አይቻልም። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ከሎዳኖ ተሻግረው ከትናንት ጀምሮ ማንም ያልመጣላቸው ወፋፍራም የእህት ልጆች ተጋድመዋል። የእህት ልጅ ዓይን ቢያገኘው ያው የእህት ጣጣ ነው። አንድ በአንድ አጥበው፣ ዘይት ቀብተው፣ ኩል ኩለው አሰለፏቸው። አክስቶቹ ሳሙናውን ወሰዱ፣ የአክስት ልጆች ብስኩቱን በሉ፣ ወፍራሞቹ ደግሞ ማታውን አፋቸውን ጠራርገው ወደ እናቶቻቸው ተመለሱ። ሰው ስለ ጥፋቱ ብዙ አያወራምና ሎዳኖ ምንም አልሰማችም።

ከአራት ወር በኋላ ሱግራንና እኔ ወረዳው ጤና ቢሮ ተጠራን። ማራገቢያው ከጣሪያው ሊወድቅ እየተንገዳገደ ይዞራል። ዶክተር ታዚን ከበደኝ በሚል ፊት፣ ግራፉን እያሳየች ነገረችን። ጎብኚ ያላቸው ልጆች ጎብኚ ከሌላቸው ልጆች በእጅጉ ያንሳሉ። ቤት ለቤት መዞሩ አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሳይጎዳ አልቀረም። ጎብኚዋ ሕፃናትን ትሳደባለች፣ እናቶችን ታስለቅሳለች። ቦርሳው፣ መዝገቡና ሚዛኑ በወሩ መጨረሻ ይመለሱ። የቢሮው ኃላፊ አሥራ ሰባት ዓመት የፈረመባቸውን ወረቀቶች ረስቶ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁልጊዜ ጠርጥሮ ነበር።

ሱግራን ተነሣች። እሳት ትተፋለች ብዬ ወንበሬን ራቅ አደረግሁ። መዝገቧን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሠላሳ ስምንቱን ልጆች በየስማቸው እያነሣች ዶክተሯንና ኃላፊውን ወቀሰች፤ ሁሉንም የመዘንኩት በእጄ ነው፣ አንዷ ጃኑል አሁን የት ደርሳለች መሰላችሁ፣ ነገ ቦርሳዬን ብትወስዱት ያችን ልጅ ማን ያያታል አለች። ኃላፊው ቁጥር ነው የሚናገረው ብሎ ሪፖርቱን ወደ እሷ ገፋው። ሽፋኑ ላይ አንድ ሕፃን በሚዛን ተንጠልጥሎ ይስቃል፤ ጉንጩ ሁለት ሎሚ፣ ጭኑ ላይ አራት እጥፋት፣ ዓይኑ ኩል ተኩሏል። ከሥሩ በትልቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ያለ ምንም ጉብኝት፣ ጤናማ፤ ኬበራኒ»።

ሱግራን ሪፖርቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ፣ መነጽሬን አውልቄ መልሼ አየሁ። ያንን ጭን አውቀዋለሁ። ሚቶ ነው። የሱግራን የልጅ ልጅ። ያኔ ነው ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበሮች ትዝ ያሉኝ፤ ስትሄድ ጥቅል ነበራት፣ ስትመለስ ወንበር ብቻ።

ዓይናችን ተጋጨ። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ቦርሳውን ታስረክባለች፣ መንደሩ የማዶ ሰዎች ሸውደውን ነው ይላል፣ እሷም ስሟ እንደተከበረ ታረጃለች። ብትናገር ደግሞ ጥላሸት ስትፈገፍግ የኖረችው ሴት፣ የሰው ክታብ ስትፈታ የኖረችው ሴት፣ የገዛ ልጇን ልጅ ከዓይን ደብቃ ያሻገረች ሆና ትቀራለች። በሎዳኖ አሮጊቶች አፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔ በአንድ ፈተና ላይ የሠራሁትን ስህተት እስከ ዛሬ ይነግሩኛል። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ዝም በይ አልኳት።

«አዳ፣ ተርጉምልኝ» አለችኝ። አዳ ወንድም ማለት ነው። «ይሄ ልጅ የኔ ነው። የልጄ ልጅ። በዚያን ቀን ጠዋት በሻሼ ጠቅልዬ ያሻገርኩት እኔ ነኝ በልልኝ።»

ተረጎምኩ። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ለምን አለች።

«ዓይን እንዳይበላው።»

«እርስዎ? እርስዎ ራስዎ ያንን ያምናሉ?»

«አላምንም» አለች ሱግራን። «ለሌላ ሰው ልጅ አላምንም። አንድ ልጅ ቢጎድል ምን ይሆናል ብዬ ነው። ያን ቀን ቤቱ ሁሉ ባዶ ሲሆን ነው ሁላችንም እንደዚያ እንዳልን የገባኝ። ልቆጣስ ብል በምን አፌ እቆጣለሁ?»

ኃላፊው ይህንንም ጠርጥሮ እንደነበር ሊናገር ሲል ዶክተሯ በዓይኗ አስቆመችው። ሪፖርቱ ታትሟል አለች፤ በአንድ ሴት ቃል አይቀየርም። ግን ልትመዝን ትመለሳለች። አንድ ሁኔታ አለ፤ ሠላሳ ስምንቱም ልጆች ይቅረቡ፣ በግልጽ ቦታ፣ ኪሎው ጮክ ተብሎ ተጠርቶ ሁለት ሰው ይመዝግበው። አንድ ልጅ ከጎደለ ሪፖርቱ እንዳለ ይጸናል። ሱግራን «ጮክ ተብሎ?» አለች። ጮክ ተብሎ አለች ዶክተሯ። በካራቺ ይህ ትንሽ ነገር ነው።

ስለ ሪፖርቱ መጨረሻ እዚሁ ነግሬ ልገላገል። ታርሟል። እርማቱ ከጀርባው፣ ከጉንዳን ባነሰ ፊደል ሰፍሯል፤ መነጽርና ትዕግሥት ያለው ያገኘዋል። ሽፋኑ ግን አምሮ ስለወጣ አልተነካም። ሚቶ እስከ ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ያለ ጉብኝት ያደገ የኬበራኒ ልጅ ነው።

የተባለው ቀን ደረሰ። በኒሙ ዛፍ ሥር መንደሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ሱግራን ሳምንቱን ሙሉ ቤት ለቤት ዞራ ያደረገችውን ነገር ሳትደብቅ ተናዝዛለች። እንደፈራሁት አሮጊቶቹ አልማሯትም። «እኛን በሠርግ መሐል እጅ ታስታጥበን ነበር» እያሉ ተሳለቁባት፤ አማቷ በተለይ የዕድሜያቸውን ደስታ አገኙ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ግን ማንም ወደ ሚዛኑ አይጠጋም። በመጨረሻ ምራቴ ከኋላ ሆና ሁሉም ያሰበውን ተናገረች።

«ያንቺ ይቅደም፣ አዲ። ቁጥሩንም ራስሽ ጥሪው።»

ሱግራን ሚቶን ከምራቷ እጅ ተቀበለች። ምራቷ ፊቷን በሻሽ ሸፈነች። ልጁ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ እግሩን እያወዛወዘ ይስቃል፤ መርፌው ተንቀጥቅጦ ቆመ። የሱግራን ከንፈር ሁለት ጊዜ ተላቀቀ። ስድብ ሊያመልጣት እንደሆነ አየሁባት።

«አሥራ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም» አለች። ቀጥላም፣ ማንም ሳያዛት፣ «ደህና ነው። ልጄ ጤነኛ ነው» አለች። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከአፏ ያንን ቃል ሰምተን አናውቅም። የተወሰኑ ሴቶች ወደ መሬት ቱፍ ቱፍ አሉ። እሷ አልተፋችም፤ ላቧ በግንባሯ ወርዶ ነበር፣ በክንዷ ጠረገችው።

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ሃጅራን ከዳር ተነሥታ መጣች። በእጇ ጃኑል አለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ በዓይንም በሌላም ብዙ የምትፈራ እሷ ነበረች፤ ለዚያች ልጅ ከፈን ተዘጋጅቶ ያውቃል። ልጅቷን ራሷ ከረጢቱ ውስጥ አስገባቻትና «የኔንም ጮክ ብለሽ ጥሪው» አለች። ሱግራን መርፌውን አየች። አንድ ጊዜ፣ ደግማ አየች።

«አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ» አለች። ዶክተሯ ጻፈች፣ ረዳቷም ጻፈች። ሱግራን ልጅቷን ከከረጢቱ አውጥታ ወደ ፊቷ አስጠጋቻት። ከተወለደች ጀምሮ ኮከቤ፣ እንቁዬ ስትላት የኖረችውን ልጅ ትክ ብላ አየቻት።

«ዝንጀሮ» አለቻት። «ምን ዓይነት አስቀያሚ ዝንጀሮ ነሽ? ሆዷን እዩት፤ እናቷን ጨርሳ ልትበላ ነው።»

ሃጅራን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሳቀች፣ እያለቀሰች ሳቀች፤ ሴቶቹም ተነሥተው ልጆቻቸውን እያስቀደሙ ወደ ሚዛኑ መጋፋት ጀመሩ። ዶክተር ታዚን ብዕሯን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለች?»

ያን የመጀመሪያ ቀን አስታወስኩ፤ ሰደርያዬን፣ ኩራቴን፣ ምንም ያልጨመርኩትን ምንም ያልቀነስኩትን።

«ልጅቷ ድናለች ነው ያለችው» አልኳት።

«ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል» አልኩ።